መርከቡ ከመነሳቱ በፊት፦ ስለ ወደብ ጉብኝት ለጠየቃችሁን

በክሩዝ መርከብ ረጅም ጉዞ ለመሄድ ትኬት የቆረጣችሁ ወይም ልትቆርጡ ያሰባችሁ አንባቢዎች ከላካችኋቸው ጥያቄዎች መካከል ለዚህ እትም የመረጥነው ስለ ወደብ ቀን የሚጠይቁትን ነው። ሰዓቱን የምንጽፈው መርከቦቹ በሚጠቀሙበት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ለምን እንደሆነ ከታች ባለው መልስ ግልጽ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በሰኔ ከእናታችንና ከእህቶቼ ጋር ከባርሴሎና ተነስተን ለ12 ቀን ሜዲትራኒያንን እንዞራለን። ፕሮግራሙ ላይ «ሮም፣ 7:00–19:00» የሚል አለ። መርከቡ የሚያዘጋጀው ጉብኝት ለአራታችን በጣም ውድ ሆነብን። 12 ሰዓት ሙሉ ካለን ቫቲካንንም ኮሎሲየምንም በራሳችን ብናይ አይበቃም? — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ በራሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ሁለቱንም ማየት ግን አይሆንም፤ እናት ካሉ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት።

መጀመሪያ መርከቡ የሚቆመው ሮም አይደለም። ቺቪታቬኪያ የምትባል የወደብ ከተማ ናት፤ ከሮም ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የክሩዝ ኩባንያዎች ወደቡን በአካባቢው ባለው ታዋቂ ከተማ ስም ይጠሩታል። «ፍሎረንስ» የሚሉት ሊቮርኖን ነው። «ፓሪስ» ማለት «ለ ሀቭር» የምትባለው የወደብ ከተማ ናት፤ ከፓሪስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። «በርሊን» ብለው የሚያወርዷችሁ ቫርኔሙንደ ላይ ሲሆን ከዚያ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የትኛውንም ጉብኝት ከማቀዳችሁ በፊት የወደቡን ትክክለኛ ስም ፈልጉና ርቀቱን ከዚያ ለኩ።

ቀጥሎ ቀኑን ከመጨረሻው ጀምራችሁ ቁጠሩት። 19:00 መርከቡ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። ተሳፋሪ ሁሉ ገብቶ ማለቅ ያለበት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ 30 ደቂቃ ቀድሞ ነው፤ አንዳንዶቹ 60 ይላሉ። 18:30 ብለን እንያዝ። ከቺቪታቬኪያ ባቡር ጣቢያ እስከ ወደቡ መግቢያ፣ ከዚያ በወደቡ አውቶቡስ እስከ መርከቡ፣ ከዚያ ፍተሻና ሰልፍ፤ ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ይበላል። ለችግር የሚሆን ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። እንግዲህ ጣቢያው 17:00 ላይ መድረስ አለባችሁ። ባቡሩ ከተርሚኒ፣ ከሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ እንደየዓይነቱ ከ50 እስከ 80 ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ 15:40 አካባቢ የሚነሳው የሚበቃ ይመስላል። እሱ ቢሰረዝስ? የምትሳፈሩበት ባቡር ቢቀር የሚቀጥለው በሰዓቱ የሚያደርሳችሁ መሆን አለበት። ይህን ስናስብ ሮምን መልቀቅ ያለባችሁ 15:00፣ በእኛ 9 ሰዓት ላይ ነው።

ጠዋትም ቢሆን መርከቡ 7:00 ላይ ቢታሰርም ለመውረድ ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። በነጻው የወደብ አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደሚባለው ቦታ ትወጣላችሁ፤ ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚሄድ ሌላ አውቶቡስ አለ። ሮም የምትገቡት 9:30 ወይም 10:00 ላይ ነው። በእጃችሁ የሚቀረው አምስት ሰዓት ነው።

ቫቲካንን ከመረጣችሁ ተርሚኒ ድረስ አትሂዱ፤ ሮማ ሳን ፒዬትሮ ውረዱ። ከዚያ እስከ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። የቫቲካን ሙዚየሞች በወሩ የመጨረሻ እሑድ ካልሆነ በቀር እሑድ ዝግ ናቸው። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ በአደባባዩ ሕዝብ የሚያገኙ ከሆነ ባዚሊካው (ትልቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን) እስከ ቀትር ገደማ ስለማይከፈት፣ ቀናችሁ ረቡዕ ከሆነ በሙዚየሙ ጀምሩ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ለዚህ ነጠላ የመሰለ የለም። ከባዚሊካው ጀርባ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሐበሻ መነኮሳት የኖሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሆኖም በቫቲካን ግቢ ውስጥ ስለሆነ እንደ አደባባዩ ዝም ተብሎ አይገባበትም።

ኮሎሲየምን ከመረጣችሁ ደግሞ አሥር ደቂቃ ተራመዱና ፖርታ ካፔና አደባባይን እዩት። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር፤ በ2005 ወደ አክሱም ተመለሰ። ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይም «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። በየቀኑ ብዙ ሐበሻ ያልፍበታል፤ ስሙ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባናል።

ስለ ባቡሩ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለችው ማሽን ማስመታት አለባችሁ። ትኬቱን መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ ሳይመታ የተገኘ ሰው ይቀጣል። ሁለተኛው አድማ ነው። ጣሊያን ውስጥ የባቡር አድማ አስቀድሞ ይነገራል። በሥራ ቀን አድማ ቢኖርም ከ6:00 እስከ 9:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 እንዲሄዱ የተረጋገጡ ባቡሮች አሉ። ለክሩዝ ተጓዥ ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ያለ ችግር ሮም ትገባላችሁ፤ 15:00 ላይ ስትመለሱ ባቡር ታጣላችሁ፤ 18:00 ሲጀምር ደግሞ ረፍዶባችኋል። ቀኑ አድማ ያለበት ከሆነ የዚያን ዕለት ብቻ የመርከቡን ጉብኝት ግዙ፤ ገንዘቡ የሚቆጭ አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ በቅርቡ ነው የመጣው፤ ሰዓት የሚቆጥረው በአገራችን አቆጣጠር ነው። መርከብ ላይ እንዳንተላለፍ ፈራሁ። ደግሞ «የመርከብ ሰዓት» የሚባል አለ አሉኝ። — ከዴንቨር

መልስ፦ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። በየምሽቱ ካቢን ውስጥ የሚቀመጠው የዕለት ጋዜጣ ላይ 16:30 ተጽፎ ከሆነ እርስዎ በእንግሊዝኛው «አራት ተኩል» ሊሉት ይችላሉ፤ ለባለቤትዎ አራት ተኩል ማለት ግን ጠዋት 10:30 ወይም ሌሊት 22:30 ነው። ለእሳቸው 16:30 «10 ሰዓት ተኩል» ነው። በቃል አትነጋገሩ። ከመርከቡ ከመውረዳችሁ በፊት የመመለሻውን ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር በወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ኪስ ውስጥ ክተቱ፤ የሁለታችሁንም ስልክ በ24 ሰዓት አድርጉት።

የመርከብ ሰዓት የሚባለው እውነት ነው። መርከቡ አገር በተለወጠ ቁጥር ሰዓቱን ላይለውጥ ይችላል። የወደቡ ከተማ ሰዓት ከመርከቡ አንድ ሰዓት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ፣ መመለሻው የሚቆጠረው በመርከቡ ነው። ስልክ ግን የብስ ላይ ኔትወርክ ሲያገኝ ሳይጠይቅ ራሱን ወደ አገሩ ሰዓት ይለውጣል። መድኃኒቱ ተራ የእጅ ሰዓት ነው፤ መውጫው በር ላይ ከተሰቀለው ሰዓት ጋር አስተካክለው ይውረዱ። ባሕር ላይ እያላችሁ ስልካችሁን በአውሮፕላን ሁነታ ያቆዩት፤ የመርከቡ የሞባይል ኔትወርክ በሳተላይት ስለሚሠራ ከተራ ሮሚንግ ጥቅል ውጪ ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ሳንቶሪኒ ላይ «በጀልባ መውረድ» ይላል። ትችለዋለች? — ከስቶክሆልም

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከመርከቡ በፊት መጠየቅዎ ጥሩ ነው፤ ብዙዎች የሚያውቁት ጀልባው አፋፍ ላይ ቆመው ነው።

ሳንቶሪኒ ላይ መርከቡ ከመድረክ ጋር አይታሰርም፤ ባሕሩ ላይ ይቆማል። ሰው ወደ ዳር የሚሄደው በትናንሽ ጀልባዎች ነው። አስቸጋሪው ቦታ ከመርከቡ ወደ ጀልባው የምትሻገሩባት አንዲት እርምጃ ናት። ጀልባው በማዕበሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለት መርከበኞች ግራና ቀኝ ክንድ ይይዛሉ፤ እናትዎም እነሱ «አሁን» እስኪሉ መጠበቅ አለባቸው እንጂ ጀልባው ሲቀርብ ዘልለው መግባት የለባቸውም። ሁለቱም እጅ ባዶ መሆን አለበት፤ ቦርሳና ምርኩዝ ለእርስዎ ይስጡ። ማዕበሉ ከበረታ ካፒቴኑ ወደቡን ጨርሶ ሊሰርዘው ይችላል። ውላችሁ ይህን ስለሚፈቅድለት የሚመለስላችሁ የወደቡ ክፍያ ብቻ ነው።

ዳር ከደረሳችሁ በኋላ ሌላ ፈተና አለ። ጀልባው የሚያወርዳችሁ አሮጌው ወደብ ገደል ሥር ነው፤ ከተማዋ ፊራ ያለችው ገደሉ አናት ላይ ነው። መውጫው ሦስት ዓይነት ነው። ኬብል ካር አለ፤ በአንድ ጊዜ የሚወጡት ስድስት ሰው የሚይዙ ስድስት ክፍሎች፣ ማለትም 36 ሰው ነው፤ ጉዞው የደቂቃዎች ነው። ሁለተኛው ወደ 590 የሚጠጉ የድንጋይ ደረጃዎች ናቸው። ሦስተኛው በዚያው ደረጃ የሚወጡ አህዮችና በቅሎዎች ናቸው። ደረጃው በእንስሶቹ ፋንድያ የረጠበና የተላጨ ድንጋይ ነው፤ መውረድ ከመውጣት ይብሳል፤ ለታመመ ጉልበት ፈጽሞ አይሆንም። በቅሎዋንም ለእናትዎ አንመክርም፤ ግድግዳው ጥግ ተጠግታ ስትሄድ እግር ይጨፈለቃል።

ስለዚህ የቀራችሁ ኬብል ካር ነው፤ ለእሱ ደግሞ ሰልፍ አለ። በአንድ ቀን ሦስት አራት መርከብ ሲቆም ሺዎች በ36 በ36 ሲወጡ አስቡት። ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ሲመለሱ ነው የሚከፋው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መጠበቅ የተለመደ ነው። የመጨረሻው ጀልባ 17:00 ከሆነ 15:00 ላይ ኬብል ካሩ ጋ ተሰለፉ። ለእናትዎ የሚሻለው አንድ መንገድ አለ። መርከቡ ራሱ የሚያዘጋጀው የአውቶቡስ ጉብኝት ብዙውን ጊዜ ሰውን ወደ ሌላው ወደብ፣ ወደ አቲኒዮስ ወስዶ ያወርዳል፤ ከዚያ አውቶቡስ ላይ ያስወጣል። ሲሄዱ ሰልፍ የለም፤ ሲመለሱ ግን ፊራ ላይ የሚለቅ ጉብኝት ከሆነ ኬብል ካሩ አይቀርላችሁም። ከመግዛትዎ በፊት «የሚመልሰንስ በየት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ግሪክ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ከክሩዝ ተጓዥ ቀረጥ ትሰበስባለች፤ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ላይ በአውሮፓው በጋ ለአንድ ሰው 20 ዩሮ ነው። ሂሳባችሁ ላይ ስታዩት አትደንግጡ።

ጥያቄ፦ ጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። መርከቡ ጣሊያን፣ ክሮኤሽያ፣ ሞንቴኔግሮ፣ ቱርክና ግሪክ ይደርሳል። ቪዛ በሌለኝ አገር ከመርከቡ ሳልወርድ ብቀመጥስ? — ከፍራንክፈርት

መልስ፦ አይሠራም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በዚህ ነው። የክሩዝ ኩባንያዎች ሰነድ የሚመረምሩት ጉዞው በሚጀመርበት ወደብ ላይ ነው። በመስመሩ ላይ ያለ አንድ አገር የሚጠይቀውን ካላሟሉ «አልወርድም» ቢሉም እንኳ ከመነሻው ላያሳፍሩዎት ይችላሉ፤ የከፈሉትም አይመለስም።

ጣሊያን፣ ግሪክና ከ2023 ወዲህ ክሮኤሽያ ሸንገን ውስጥ ስለሆኑ የጀርመን ፈቃድዎ ከፓስፖርቱ ጋር ይበቃል። ሞንቴኔግሮና ቱርክ ሸንገን አይደሉም። የየአገሩን ቆንስላ ሕግ ያንብቡ፤ ከዚያ ለኩባንያው «ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ፣ ፈቃዴ የጀርመን፣ የጉዞ ቁጥሬ ይህ» ብለው በኢሜይል ጽፈው መልሱን በጽሑፍ ያግኙ። የስልክ መልስ ወደብ ላይ ማስረጃ አይሆንም። በመኖሪያ ፈቃድ ሳይሆን በሸንገን ቪዛ የሚጓዝ ዘመድ አብሮዎት ካለ፣ ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት። አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መርከቡ ቱርክ ደርሶ ሲመለስ ጊዜው ሳያልቅ ያበቃል።

ስሙንም ይመልከቱ። ፓስፖርቱ ላይ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አለ፤ ትኬቱ ላይ ሁለቱ ብቻ ተጽፈው ወይም ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ። ይህን ማስተካከል ከወር በፊት ቀላል ነው፤ በመሳፈሪያው ዕለት ግን ያስጨንቃል።

ጥያቄ፦ ለሠርግ አዲስ አበባ ሄጄ ከዚያ በቀጥታ ኬፕታውን ላይ መርከብ እይዛለሁ። ደርባንን፣ ዛንዚባርንና ሞምባሳን እንጎበኛለን። የአሜሪካ ፓስፖርት ስላለኝ ክትባት አያስፈልገኝም አይደል? — ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ ያስፈልግዎታል። የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠየቀው በፓስፖርት ሳይሆን ከየት እንደመጡ ታይቶ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ተብለው ከተመዘገቡት አገሮች አንዷ ናት። ደቡብ አፍሪካ ከእነዚህ አገሮች ለመጣ ሰው ቢጫ ካርዱን፣ ማለትም የክትባቱን ማስረጃ፣ ትጠይቃለች፤ በኤርፖርት ከ12 ሰዓት በላይ ለቆየም ጭምር። ኬንያም የበሽታው አገር ስለሆነች ከሞምባሳ በኋላ ያሉ ወደቦችም ሊጠይቁዎት ይችላሉ።

ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በጉዞው ዋዜማ መከተብ አያድንም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስለዚህ ድሮ የተከተቡበት ካርድ ካለ «10 ዓመቱ አልፏል» ብለው አይጣሉት። ዕድሜዎ ከ60 በላይ ከሆነና ከዚህ በፊት ተከትበው የማያውቁ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ፤ በዚህ ዕድሜ ክትባቱ ከባድ ችግር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። ሐኪሙ ካልፈቀደ ይህንኑ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ይጻፍልዎት፤ ከመነሳትዎ በፊት ለኩባንያው ያሳዩት። ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ይያዙት።

ጥያቄ፦ መርከቡ ጥሎን ቢሄድ ምን እናድርግ? — ከቶሮንቶ

መልስ፦ በመርከቡ ጉብኝት ከወጣችሁና ከዘገየ መርከቡ ይጠብቃችኋል፤ ካልቻለም ወደሚቀጥለው ወደብ በኩባንያው ወጪ ትደርሳላችሁ። በራሳችሁ ከወጣችሁ ግን ወጪው የእናንተ ነው። መዘግየታችሁን እንዳወቃችሁ፣ መንገድ ላይ እያላችሁ፣ በዕለቱ ጋዜጣ ላይ ወደታተመው የወደብ ወኪል (በወደቡ የመርከቡን ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው) ስልክ ደውሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ጠዋት ፎቶ ማንሳት አትርሱ። ሰው መጉደሉ ሲታወቅ መርከበኞቹ ብዙውን ጊዜ ካቢን ውስጥ ያለውን ፓስፖርት አውጥተው ለወኪሉ ይተዋሉ። በመርከቡ ካርድ ብቻ አትውረዱ፤ የፓስፖርት ቅጂ፣ አንድ ፎቶ ያለው መታወቂያ፣ የባንክ ካርድና የአንድ ቀን መድኃኒት ያዙ። ሆቴልና አውሮፕላን ከመፈለጋችሁ በፊት ወኪሉን «ወደሚቀጥለው ወደብ አገር በፓስፖርታችን መግባት እንችላለን?» ብላችሁ ጠይቁ። የካናዳ ፓስፖርት ያለው ባልና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላት ሚስት መንገዳቸው ሊለያይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም ላይ ነው የምንጓዘው። ግሪክ ወደቦች ላይ የጾም ምግብ እናገኛለን? በርበሬና ሽሮ ይዘን ብንወርድስ? — ከለንደን

መልስ፦ በጾም ወቅት ለመጓዝ እንደ ግሪክ የሚመች የለም። እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የጾም ምግብን «ኒስቲሲማ» ይሉታል። ቃሉን ለአስተናጋጁ ሲሉት ወዲያው ይገባዋል። አንድ ነገር ግን ይወቁ፤ በእነሱ ሥርዓት ሽሪምፕ፣ ስኩዊድና ኦክቶፐስ ለጾም ይፈቀዳሉ፤ ማርም እንዲሁ። ስለዚህ «ኒስቲሲማ፣ ያለ ባሕር ምግብ» ይበሉ። ፋቫ የሚባለው የተፈጨ ቢጫ ክክ ከክክ አልጫ ብዙም አይርቅም፤ ሳንቶሪኒ ላይ ዝነኛ ነው። ጊጋንቴስ የሚባለው ትልልቅ ባቄላ በቲማቲም የተሠራ ነው። ዶልማዴስ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ነው፤ ሥጋ ያለበትም ስላለ ይጠይቁ። መርከቡ ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ምሽት የምግብ አዳራሹን ኃላፊ አግኝተው «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም» ብለው ያስመዝግቡ፤ የነገውን ዛሬ ማታ ማዘዝ ይቻላል።

ደረቅ በርበሬና ሽሮ በአውሮፓ ወደቦች ችግር የላቸውም። ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤና አይብ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ለተነሳ ተጓዥ ክልክል ናቸው፤ ከብሪታንያ ለሚነሱም ጭምር ይህ ይሠራል። መርከባችሁ ወደ ኒውዚላንድና አውስትራሊያ የሚሄድ ከሆነ ሕጉ ከዚህም ይጠብቃል። እዚያ ቆሎም ሆነ በርበሬ፣ ማንኛውም ዘርና ቅመም መታወጅ አለበት። ቁርስ ላይ ቦርሳችሁ ውስጥ የጣላችኋት ፖም ሳትታወጅ ብትገኝ ኒውዚላንድ 400 የኒውዚላንድ ዶላር ታስከፍላለች፤ አነፍናፊ ውሾችም ከመውረጃው ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። ከካቢን ከመውጣታችሁ በፊት የልጆቹን ቦርሳ ገልብጣችሁ ፈትሹ።

ጥያቄ፦ በክረምቱ ከዱባይ ተነስቶ ሙስካት የሚደርስ መርከብ ይዣለሁ። እዚያ በራሴ መንቀሳቀስ ይቻላል? — ከሻርጃ

መልስ፦ ይቻላል፤ ለብቻዋ ለምትጓዝ ሴትም ከሚመቹ ወደቦች አንዱ ነው። ወደቡ ውስጥ በእግር መሄድ ስለማይፈቀድ እስከ በሩ ድረስ በነጻው አውቶቡስ ይሂዱ። ከበሩ ሲወጡ የሙትራ ባሕር ዳር መንገድ ነው፤ ገበያው ሩብ ሰዓት በእግር ቢወስድ ነው። ዕጣኑን እዚያ ይግዙ። የታላቁ መስጊድ የጎብኚ ሰዓት ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ፣ ከ8:00 እስከ 11:00 ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ወደዚያ በታክሲ ይሂዱ፤ ገበያውን ለመልስ ይተዉት። ፀጉር፣ ክንድ እስከ አንጓ፣ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት መሸፈን አለበት። ነጠላ ይበቃል፤ ስስ ከሆነ ግን እጥፍ አድርገው ይከናነቡት፤ ፀጉር አሳልፎ ካሳየ ከበር ይመልሱዎታል።